ከል የለበሰው ወንበር፦ የዌልሱን እረኛ ገጣሚ ታሪክ ለተማሪዎቼ እንዴት ልንገር?

የክበቧ መምህርት፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ሰነበታችሁ። እዚሁ ጎንደር አማርኛ አስተምራለሁ፣ የትምህርት ቤታችንን የሥነ ጽሑፍ ክበብም የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አርብ አርብ ከሰዓት ነው ምንገናኘው። ባለፈው ልጆቹን ስለ ጀግና ግጥም ጻፉ ብያቸው ሠላሳ ምናምን ወረቀት ሰበሰብኩ፣ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ሳነብ ሁሉም ዘራፍ ነው። ጎራዴው፣ አንበሳው፣ ደሙ። ስንኙ ይመታል፣ አላጣጣልኩም፣ ግን አንድም ልጅ ያ ሰውዬ ከመዝመቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር አልጻፈም፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ፣ ቤት ማን እንደቀረ የለም። ይወድቃል፣ ባንዲራ ይለብሳል፣ ግጥሙ ያልቃል። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ከነዚህ ልጆች መሀል አባት ወይ ወንድም ያጡ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ስለሱ ግን አንድ መስመር የለም፣ ምናልባት ግጥም ውስጥ የሚገባ ነገር አልመሰላቸውም ይሆናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው አርብ የአንድ ወታደር ታሪክ ልነግራቸው አሰብኩ። ስለሱ መጀመሪያ የሰማሁት ጥምቀት ላይ ነው፣ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ቆመን ከዌልስ፣ ከእንግሊዝ ጎን ካለችው አገር፣ የመጡ ባልና ሚስት ግጥም እንደማስተምር ሲሰሙ ነገሩኝ፣ ከዛ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ስሙ ኤሊስ ሃምፍሪ ኢቫንስ ነው፣ በግጥም ስሙ ሄድ ዊን። በፈረንጅ ጥር 13 ቀን 1887 ሰሜን ዌልስ ውስጥ ትራውስቨኒዝ በምትባል መንደር ተወለደ፣ ለቤቱ የበኩር ልጅ፣ 11 ልጆች ናቸው። ትምህርቱን በ14 ዓመቱ አቁሞ የአባቱን በግ ይጠብቅ ነበር። በግ እየጠበቀ ግጥም። በ20 ዓመቱ ባላ በምትባል ከተማ ተወዳድሮ የመጀመሪያውን ወንበር አሸነፈ፣ እዛ አገር ትልቁ የግጥም ሽልማት ብር ሳይሆን ወንበር ነው፣ ተቀርጾ ተውቦ የተሠራ የእንጨት ወንበር። በ1916 በአገር አቀፉ ውድድር ሁለተኛ ወጣ። ያው ዓመት እንግሊዝ የግዴታ ዘመቻ ሕግ አወጣች፣ ገበሬ ቤት ቢሆኑም ከወንድማማቾቹ አንዱ መሄድ ነበረበት፣ ታናሹ ከሚሄድ እኔ ልሂድ አለ። እሱ ጦር የሚወድ ሰው አልነበረም እኮ።

በ1917 መጀመሪያ ሥልጠና ገባ፣ መጋቢት ላይ ገበሬ ለእርሻ ይፈለጋል ተብሎ ለሰባት ሳምንት ወደ ቤቱ ለቀቁት፣ ያን ጊዜ ነው ረጅሙን ግጥም በብዛት የሠራው፣ ርዕሱ "ጀግናው" ነው። ሰኔ ላይ ፈረንሳይ ነበር። ግጥሙን ከዛው ሆኖ በብዕር ስም ለውድድር ላከው። ሐምሌ 31 ቤልጅየም ውስጥ ፒልከም የሚባል ጉብታ ላይ ተመታ፣ ያኑ ቀን ሞተ። 30 ዓመቱ ነበር።

ከዛ ጳጉሜ መባቻ ላይ፣ መስከረም 6 በነሱ፣ በርከንሄድ ከተማ አገር አቀፉ ውድድር ተደረገ። ዳኞቹ አሸናፊው እከሌ ነው ብለው የብዕር ስሙን ጠሩ፣ መለከት ተነፋ፣ ባለቤቱ ይነሳ። የሚነሳ የለም። ሁለተኛ ተነፋ። ሦስተኛ ተነፋ። ከዛ መሪው ይሄ ሰው ከጥቂት ሳምንት በፊት ጦር ሜዳ ሞቷል ብሎ ተናገረ፣ ባዶውን ወንበር ጥቁር ጨርቅ አለበሱት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ራሱ እዛው ተቀምጦ ነበር። ወንበሩ እንደለበሰ ለእናት ለአባቱ ተላከ።

እንግዲህ ጥያቄዬ። አንደኛ ስሙንና ጥቁር ወንበር የሚሉትን በአማርኛ እንዴት ላድርገው፣ ጥቁር ወንበር ስል ቀለም የተቀባ ይመስላል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ይሄን ሰው በፉከራ ነው በሙሾ ምነግራቸው? ጀግና ልበለው? ግጥሙ ራሱ "ጀግናው" ነው ሚለው እኮ። ጀግና ካልኳቸው ደሞ ወዲያው ወደ ዘራፉ ይሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ።

ፒያሳ ሠፈር፦
መምህርት እግዜር ይስጥሽ አንብቤ ዝም አልኩ። ለልጆቹ ቀኑን ወደኛ ቀይሪላቸው ይቀርባቸዋል። ቆጥሬልሻለሁ፣ የሞተው ሐምሌ 24 ቀን 1909 ነው፣ ተክለሃይማኖት ማለት ነው። ስሙ የተጠራው ደሞ ጳጉሜ 1፣ ዘመን ሊለወጥ አምስት ቀን ሲቀረው። የተወለደው ራሱ ጥር 6 ላይ ይውላል ከጥምቀት አምስት ቀን በፊት፣ እና አንቺ ጥምቀት ላይ መስማትሽ ገረመኝ። 1909 ደሞ የኛ የሰገሌ ጦርነት ዓመት ነው፣ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ስንቱ ገበሬ ወደቀ፣ የስንቱን ስም እናውቃለን? የንጉሡንና የራሶቹን ስም እናውቃለን፣ የገበሬውን ግን የለም። ልጆቹ ይሄን ቢሰሙ ሩቅ አገር አይሆንባቸውም ብዬ ነው።

ካርዲፍ ተምሬ የመጣሁ፦
እኔ ዌልስ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ ቤቱም ድረስ ሄጃለሁ ስለዚህ የማውቀውን ልጨምር። መጀመሪያ አጠራሩ፣ በነሱ ቋንቋ ሁለት ዲ ሲደራረብ ዝ ነው ሚሆነው፣ ምላስ ጥርስ መሀል ገብቶ፣ ሄድ ሳይሆን ሄዝ ዊን ነው። ሄዝ ሰላም ማለት ነው፣ ዊን ነጭ ማለት ነው ግን የተባረከ፣ የተቀደሰም ማለት ይሆናል። ስሙን የሰጠው ሌላ ገጣሚ ነው በፈረንጅ 1910፣ በሸለቆው ጉም መሀል ፀሐይ ስትፈነጥቅ አይቶ ነው ይባላል። ደባርቅ ጠዋት የተነሳ ሰው ይሄን ይገባዋል መቼም፣ ጉሙ ገደሉን ሞልቶት አንድ ጨረር ብቻ ሲሰነጥቀው።

ወንበሩን በተመለከተ ትክክል ነሽ ቀለም አልተቀባም፣ ለሐዘኑ ነው ጨርቅ የለበሰው። አንድ ነገር ግን አልጠቀስሽም፣ ያን ወንበር የቀረጸው ሰው ቤልጅጋዊ ስደተኛ ነው፣ ዩጂን ቫንፍሌተረን ይባላል፣ ጦርነቱ ከአገሩ አባሮት በርከንሄድ ገብቶ እንጨት ይሠራ ነበር። አስቢው እስኪ፣ ቤልጅጋዊው አገሩን ጥሎ መጥቶ ለዌልሶች ወንበር ይቀርጻል፣ የወንበሩ ባለቤት ደሞ ቤልጅጋዊው አገር ሄዶ ይሞታል። ወንበሩን ቆሜ ሳየው ይቺ ነገር ናት አንጀቴን የበላችኝ፣ ጥልፍልፍ አርጎ ነው የቀረጸው፣ እያንዳንዱ መስመር በእጅ የወጣ ነው፣ ማን እንደሚቀመጥበት ሳያውቅ።

ቤተሰቡ ሚተርከው ደሞ ይሄ ነው፣ ያ ዓመት ዝናብ በዝቶ እርሻውም አጨዳውም አልሆን ብሎ እሱ ከፈቃዱ ቀን አሳለፈ፣ ወታደር ፖሊስ መጥቶ ሳር ከሚያጭዱበት ሜዳ ላይ ይዞት ሄደ ይላሉ። ቤቱ ዛሬም አለ፣ ኧስጉርን ይባላል፣ በፈረንጅ 2012 የስኖዶኒያ ብሔራዊ ፓርክ ገዝቶት ጎብኚ ይገባበታል፣ ከዛ በፊት ግን የገዛ ዘመዱ ነበር በሩን እየከፈተ ለመጣው ሁሉ ወንበሩን ሲያሳይ የኖረው፣ ዕድሜ ልኩን።

መቃብሩ ቤልጅየም ነው፣ ቡዚንጌ አጠገብ። ድንጋዩ ላይ በዌልስ ቋንቋ ሊቀ ገጣሚ የሚል ማዕረጉ ተጽፎበታል። እዛው መካነ መቃብር ሌላ ገጣሚ አለ፣ ፍራንሲስ ሌድዊጅ፣ አየርላንዳዊ፣ ያኑ ቀን ነው የሞተውም። እና ከቻልሽ አንድ ነገር አስተካክይልኝ፣ ሰው ሲያወራ ልጅ እግር ገና ያልጠገበ እያለ ያለቅሳል፣ 30 ዓመት ሰው ሰው ነው፣ እርሻ ያረሰ፣ ደቡብ ዌልስ ወርዶ ከሰል ማዕድን ትንሽ የሞከረ፣ ወንበር በወንበር ያሸነፈ ሰው ነው። ሙሉ ሰው እንደሞተ ንገሪያቸው።

ጎንደሬ ነኝ፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። መምህርት ሐሳብሽ ቅን ነው፣ ግን ፉከራን እንደ ባዶ ጩኸት አታርጊው እባክሽ። ፉከራ እኮ ሌላውን ሂድ ሙት ብሎ ሚልክ ሰው አልነበረም ሚያወጣው፣ ራሱ ሊሄድ የተነሳው ነው ሚፎክረው፣ ቃሉን ሕዝብ ፊት ያስራል፣ ከዛ በኋላ መመለስ የለም። እና በፉከራ ነው በሙሾ ብለሽ ለምን ታማርጪያለሽ? የኛ አገር ለቅሶ ላይ ሁለቱም የሉም እንዴ? አያቴ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ ወገራ ነው፣ ድንኳን የለ ምን የለ ሜዳ ላይ ነው የተለቀሰው። በቅሎውን ጭነው አወጧት፣ ግላሷን ለብሳ፣ ኮርቻው ላይ ማንም የለም። ጠመንጃውን አንድ ሰው አንግቦ ከኋላዋ፣ ካባውን ሌላ ሰው ይዞት። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ወንዶቹ እዛው መሀል እየገቡ ይፎክራሉ፣ እያለቀሱ ነበር ሚፎክሩት በእንባ ነው ዘራፍ ሚሉት። በቅሎዋ ስትዞር ያ ባዶ ኮርቻ አጠገቤ አለፈ፣ ቆዳው መሀሉ ላይ ከመቀመጥ ብዛት አልቆ ነጥቷል፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እና ስለዛ ወንበር ሳነብ ምን አልኩ መሰለሽ፣ ይሄማ የኛ በቅሎ ነው። ዌልሶቹ ወንበር ነው ያወጡት፣ እኛ በቅሎ። ባለቤቱ የለም፣ ዕቃው ወጥቷል፣ ሕዝብ ያያል። ልጆቹ ፈረንጅ ምናምን ሳይሉ ይገባቸዋል፣ ይሄን አስቀድመሽ ከነገርሻቸው።

የክበቧ መምህርት፦
ጎንደሬ ነኝ ወንድምዓለም ይቅርታ፣ ልክ ነህ። ባዶ ኮርቻውን ሳነብ ተነስቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። እናቴም ስለ አባቷ ለቅሶ እንዲህ ትለኝ ነበር እኔ ግን ከዚህ ጋር አላያያዝኩትም። ካርዲፍ ደሞ ስለ እንጨት ጠራቢው አላውቅም ነበር ተባረክ፣ ዕድሜውንም እንዳልከው አደርጋለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መምህርት እንደምን ዋሉ። እኔ ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ቆይቼ ነው ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣሁት አሁን ማራኪ ግቢ ነኝ። እርስዎ የጻፉትን ሳነብ የተደነቅኩበት ነገር አለና ልጻፍ፣ ረዘመ ካሉ ይለፉት።

የነሱ ግጥም ሕግ እንደኛ ቅኔ ጥብቅ ነው። ሄዝ ዊን ያሸነፈበት ዓይነት ግጥም ዝም ብሎ ቤት መምታት ብቻ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ስንኝ ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ያሉት ተነባቢ ድምፆች በሁለተኛው ግማሽ በዛው በቅደም ተከተላቸው ይደገማሉ፣ 24 ዓይነት የግጥም ልክ አላቸው። እኛ ጉባኤ ቃና ሁለት፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት እንደምንለው ማለት ነው። አንድ መወድስ ለመሙላት ሌሊቱን ሙሉ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ያደርኩበትን አውቃለሁ፣ ስምንተኛው ቤት እምቢ ብሎኝ ጎህ ቀደደ። እና ይሄ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ በግ እየጠበቀ፣ ኋላም ወታደር ሆኖ ሠራ ሲባል ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል፣ ለሚያውቅ ሰው ግን ከባድ ነገር ነው። ልጆቹ ይሄን ይወቁልኝ፣ ወታደር ስለነበር ብቻ አዝነው የሸለሙት አይደለም፣ ዳኞቹ እንደሞተ ሳያውቁ በብዕር ስም ነው የመረጡት።

ስሙን ጸዓዳ ሰላም ቢሉትስ? ጸዓዳ በግዕዝ ነጭ ነው፣ ግን ነጭ ብቻ አይደለም ብርሃንም ንጽሕናም አለበት፣ እነሱ ዊን የሚሉት ሁለቱንም ከያዘ ከነጭ ሰላም ይሻላል። ወንበሩን ደሞ ጥቁር አይበሉት፣ ከል የለበሰ ወንበር ይበሉት። በኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ነው ከል ሚለብሰው፣ ወንበሩ ራሱ ሐዘን ተቀመጠ ማለት ይሆናል። ወንበር ደሞ በኛም ዘንድ ዕቃ ብቻ አይደለም፣ መምህሩ ወንበር ተከለ ስንል ጉባኤ ዘረጋ ማለታችን ነው፣ ሲሞት ወንበሩን ደቀ መዝሙሩ ይወርሰዋል። የዚህን ሰው ወንበር ግን የሚወርሰው ደቀ መዝሙር የለም፣ ለእናቱ ነው የተላከው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ስለ ጦርነት የጻፋት አጭር ግጥም አለች፣ በገናዎቹ አኻያ ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል ይላል። ይሄ ዳዊት 136 ነው፣ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠን አለቀስን ሚለው። ዳዊት የደገመ ልጅ ክበቡ ውስጥ ካለ እሱን ያስነሱትና ይበልላቸው፣ ከዛ በኋላ ማብራራት አያስፈልግም።

አዘዞ ነባር፦
ልጄ ሰላም ላንቺ ይሁን። ለመጻፍ ብዙም አይደለሁም የልጅ ልጄ ናት ስልኩን ከፍታ ምታነብልኝ እኔም እየተናገርኩ እሷ ትጽፋለች። ወታደር ነበርኩ፣ በ91 ግንባር ነበርኩ። ሰውዬው የሞተበትን ቀን ዝናብ ጀመረ ይላሉ ጭቃው ሰው ዋጠ ይላሉ፣ የሐምሌ ጭቃ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምሽግ ውስጥ ውሃ እስከ ጉልበት ሲደርስ አውቃለሁ።

አንድ ጓድ ነበረኝ የደንቢያ ልጅ፣ ስሙን አልጠራም እናቱ ስላረፈች ሌላ ሰው እንዳያዝን። እሱም ይጽፍ ነበር። ደብተሩ ያ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለው ተራ የተማሪ ደብተር ነው፣ በፌስታል ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ነው ሚይዘው፣ ሌሊት ተረኛ ስንሆን በባትሪ ያነብልኛል ባትሪውን በመዳፉ ጋርዶ። ስለ ውጊያ ጽፎ አያውቅም። ስለ በሬ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ጣና ንፋስ። ለምን ስለኛ አትጽፍም ስለው እኛ እዚህ ነን እነሱን ማየት ነው ያቃተኝ ይለኝ ነበር።

ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም። ደብተሩን ሰጡኝ። ያበቃ ጊዜ ቆላድባ ሄድኩ፣ መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል ለቅሶውም አልቋል፣ እናቱ ከል እንደለበሱ እሳት ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማንበብ አይችሉም። ፌስታሉን ፈተው ደብተሩን አሸተቱት፣ ገጹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩት፣ ከዛ አንብብልኝ አሉኝ። አነበብኩ። አንዷ ላይ ስደርስ ድገማት አሉኝ፣ ደገምኳት። ቃሏን አልረሳኋትም፦

ሞፈሩ ደጅ ቆሞ ዝናብ ሲያባራ፣
በሬው ዞሮ ያያል ጌታው እስኪጣራ።

እሳቸው ዝም አሉ ቆዩና ያ በሬ ቦራ ነው አሉ፣ እሱ ያሳደገው። አሁንም አለ ብለው በረት ወስደው አሳዩኝ።

ልጄ ያ ፈረንጅ ለእርሻ ሰባት ሳምንት ቤቱ ተመለሰ ስትይ እኔ እዛ ላይ ቀረሁ። እርፉን ይዞ ያረሰውን መሬት እንደገና አይቶ ነው የሄደው። ጀግና በይው አትበይው እኔ አላውቅም፣ ግን ያን ሰባት ሳምንት አታሳጥሪባቸው።

ፒያሳ ሠፈር፦
ጋሼ እግዜር ያጽናዎት። ሌላ ምል የለኝም።

የክበቧ መምህርት፦
ጋሼ እጅዎን ነው ምስመው። እርስዎም የልጅ ልጅዎም ስለደከማችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁላችሁም አመሰግናለሁ፣ ዕቅዴን ቀየርኩ። የራሴን ወንበር ከፊት አወጣና የእናቴን ጥቁር ነጠላ አለብሰዋለሁ፣ ምንም ሳልናገር። ልጆቹ ሲገቡ ይዩት፣ የማን ነው ብለው ይጠይቁኝ። ከዛ በጉን፣ ጉሙን፣ እርሻውን እነግራቸዋለሁ፣ ጦር ሜዳውን ባጭሩ። ዳዊት የደገመ አንድ ዲያቆን ልጅ አለኝ ከኋላ ሚቀመጥ ብዙ ማይናገር፣ እሱን አስነሳዋለሁ። ቀጥሎ ወረቀቱን መልሼ አድልና ከዘራፉ በፊት ያለውን ጻፉልኝ እላለሁ፣ ያ ጀግና ማለዳ ተነስቶ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር፣ ከብቱን ማን አሰማራለት፣ ከሄደ በኋላ መደቡ ላይ ማን ተኛ።

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የጓድዎን ሁለት ስንኝ ባነብላቸው ይከፋዎታል? ስም አልጠራም።

አዘዞ ነባር፦
አንብቢላቸው። እናቱ ሁለቴ ነው ያስነበቡኝ፣ አንቺም ሁለቴ አንብቢው።